«ይመስለኛል» ለማለት አንፈር



ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ክርስቲያኖች ስለ ጋብቻ ሲጽፍ ልናስተውለው የሚገባ ጥንቃቄ አሳይቶአል (1ኛ ቆሮ. 7)። ባልና ሚስት እንዳይለያዩ ሲያዝ ትእዛዙ የጌታ እንጂ የራሱ አለመሆኑን ይገልጻል (ቁ. 10)። የማያምን የትዳር ጓደኛ ስላላቸው ሲናገር ግን የሚናገረው እርሱ ራሱ መሆኑን ያስታውቃል (ቁ. 12)። ስለ ደናግልም ከጌታ የተቀበለው ትእዛዝ እንደሌለ፣ የሚሰጠውም ምክር እንደሆነ ይነግራቸዋል (ቁ. 25)። ሐዋርያ ሆኖ ሳለ በራሱ አሳብ ላይ የጌታን ማኅተም አላኖረበትም። በዚህም ክብሩ አልተቀነሰም።

እኛስ? በሆመቾም ሆነ በሆሳዕና፣ ከቅዳሴ በኋላ ወይም በለቅሶ ቤት ተቀምጠን ስንነጋገር የራሳችንን ግምት «ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ትላለች» ብለን የምናቀርብበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በአካባቢያችን ካቶሊኩና ፕሮቴስታንቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ። ባልዋ ፕሮቴስታንት የሆነ እናት ሕፃንዋን ለማስጠመቅ ብትመጣና «ቤተ ክርስቲያን አትፈቅድም» ብለን ብንመልሳት፣ የዘጋነው በር የኛ አይደለም። በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕገ ቀኖና የሚጠይቀው ቢያንስ የአንዱን ወላጅ ፈቃድና ሕፃኑ በካቶሊክ እምነት እንደሚያድግ መሠረት ያለው ተስፋ ነው (ቀኖና 868)። ያቺ እናት ግን ያዘነችው በእኛ ሳይሆን በቤተ ክርስቲያን ነው።

ሌላም ስሕተት አለ። በቁምስና ስብሰባ ቅሬታችንን ስናሰማ «ሕዝቡ እንዲህ ይላል» እያልን ከሰው ጀርባ እንደበቃለን። ሕዝቡ ማን ነው ቢባል ብዙ ጊዜ እኛው ነን። ይኸው ሕግ ምእመናን ስለ ቤተ ክርስቲያን ጥቅም የሚያስቡትን፣ እምነትንና አክብሮትን ጠብቀው ለእረኞቻቸው የመግለጽ መብት፣ አንዳንዴም ግዴታ እንዳላቸው ያስተምራል (ቀኖና 212)። መብት ያለው ሰው ለምን ይደበቃል?

ቋንቋችን «አየሁ»፣ «ሰማሁ»፣ «ይመስለኛል» የሚሉ ሦስት የተለያዩ ቃላት ሰጥቶናል። ያላየነውን አየሁ አንበል። የሰማነውን ሰማሁ፣ ያሰብነውን ይመስለኛል እንበል፤ ምክንያታችንንም እንጨምርበት። «ይመስለኛል» ያለ ሰው ወንድሙ እንዲያርመው ቦታ ይተዋል። «እግዚአብሔር ብሎአል» ያለ ግን የሚቃወመውን ሁሉ የእግዚአብሔር ተቃዋሚ ያደርገዋል፤ ብዙ ጠብ የሚነሣውም ከዚህ ነው።

ስለዚህ ካቴኪስቶች ሆይ፣ ያላወቅነውን ስንጠየቅ «ጠይቄ እመልሳለሁ» ማለትን አንፈር። የእውነት መንፈስ አንደበታችንን ይምራልን። አሜን።