«ያገር ያለህ!» ሲባል ማን ይወጣል?

አዲስ አበባ ለሰፈሮቿ ስም ስታወጣ ርኅራኄ የላትም። ዶሮ ማነቂያ፣ ሰባራ ባቡር፣ ውቤ በረሃ እያለች ትቀጥላለች። ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚከብደኝ ግን የፒያሳው ጎረቤት «እሪ በከንቱ» ነው። ስሙ እንዴት እንደ ወጣ የሚነገረው ብዙ ነው። ትርጉሙ ግን አያከራክርም፤ እዚህ ቦታ ማጅራት መቺ ቢይዝህና ብትጮህ የሚደርስልህ የለም ማለት ነው። ልብ በሉ፤ ስሙ ስለ ማጅራት መቺው አንዲት ቃል አይተነፍስም። የሚናገረው ስለ ጎረቤቱ ነው። ሌባማ የትም አለ፤ ሰፈሩን ያዋረደው ጩኸት ሰምቶ በሩን የሚከፍት ሰው መጥፋቱ ነው ይለናል።

ለመሆኑ አንድ ሰው በሠራው ወንጀል ሰፈሩ ይጠየቃል? ሁለት ፈጣን መልሶች አሉን። አንደኛው «ያጠፋ ራሱ ይጠየቅ፣ እኔ ምን ቤት ነኝ?» የሚለው ነው። ሁለተኛው «ያ ሰፈር እንደሆነ ሌባ ማብቀያ ነው» የሚለው ነው። የመጀመሪያውን ስለ ራሳችን ሰፈር፣ ሁለተኛውን ስለ ሌላው ሰፈር እንጠቀምበታለን። ሁለቱም እንቅልፍ አይነሱም፤ ለዚህም ይመስለኛል የምንወዳቸው።

አያቶቻችን ይህን ጥያቄ ከተሜ ሳይሆኑ በፊት መልሰውት ነበር። መልሱን ለማየት ደብረ ብርሃንን አልፎ ወደ መንዝ ደጋ መውጣት ነው። በዘመሮ ዙሪያ ዕድሜ የጠገበ ሰው ካገኛችሁ ስለ አውጫጭኝ ጠይቁት። አፈርሳታም ይባላል። በሬ ተሰርቆ፣ ጎተራ ተቃጥሎ፣ ወይም ሰው ሞቶ አድራጊው ካልታወቀ ያገሩ ሰው በአዋጅ ይጠራል። ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ነገሩ እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤት መሄድ የለም፤ እርሻውም ይቆያል፣ ገበያውም ይቀራል። የቀረ ይቀጣል። ሽማግሌዎች ይመረጣሉ፤ እያንዳንዱ ያየውንና የሰማውን እንዳይደብቅ ይምላል። ያየ ሰው ቂም ከፈራ «ወፍ ነገረኝ» ብሎ ያወጣዋል፤ ወፊቱ ማን እንደሆነች የሚጠይቅ የለም። ይህ ሁሉ ሆኖ ሌባው ካልተገኘ ያገሩ ሰው አዋጥቶ ለተሰረቀው ካሳ ይከፍላል።

ጭካኔ ሊመስለን ይችላል። ነገር ግን ከበስተጀርባው ያለውን ሐሳብ እንመልከተው። በዚያ በተራቆተ ደጋ ላይ በሬ ነድቶ ተደብቆ የሚያልፍ ሰው የለም። ሌባው ያደረበት ቤት አለ፣ እራት ያቀረበች ሴት አለች፣ «ይህ በሬ ከየት መጣ?» ብሎ በልቡ ጠይቆ በአፉ ዝም ያለ ጎረቤት አለ። አውጫጭኝ የሚለው «ሁላችሁም ሌቦች ናችሁ» አይደለም። «ከመካከላችሁ የሚያውቅ አለና ዝምታችሁ በነጻ አይሆንም» ነው የሚለው። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 21 ላይም ከዚህ የማይርቅ ሥርዓት አለ። ገዳዩ ያልታወቀ ሬሳ ሜዳ ላይ ሲገኝ ሽማግሌዎች ወጥተው ከሬሳው እስከ ዙሪያው ከተሞች ያለውን ርቀት ይለካሉ። የቅርቡ ከተማ ሽማግሌዎች ጊደር ይዘው ወርደው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ እኛ አላደረግነውም፣ አላየንምም ብለው በአደባባይ ይናገራሉ። ገደላችሁ ያላቸው የለም፤ ቅርብ ናችሁና ቀርባችሁ ተናገሩ ነው የተባሉት። ጥፋትና ተጠያቂነት እዚህ ላይ ይለያያሉ። ጥፋት የሠሪው ነው፤ ተጠያቂነት ግን በቅርበት ይለካል።

ነገሩን ይህን ያህል ካሞገስን በኋላ ነውሩንም እንናገር። አውጫጭኝ ንጹሑን ከሌባው ጋር እኩል ያስከፍል ነበር። ከዚያም የከፋው ሰው ሁሉ ነገሩ አልቆ ወደ ቤቱ ለመግባት ሲቸኩል ጣት የሚቀሰርበትን አለማጣቱ ነው። ጣቱ ደግሞ ስሙ ቀድሞ ወደ ጠፋው ይዘረጋል፦ ወደ ቀጥቃጩ፣ ወደ ሸክላ ሠሪዋ፣ ወደ መጤው፣ ዘመድ ወደሌለው። የሌባ ሻይንም ታሪክ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ አንድ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። ማስረጃው የልጁ መውደቅ ነው!

ዘመናዊው ሕግ ይህን ሁሉ ጠርጎ «ወንጀል የግል ነው» ማለቱ ትልቅ እርምጃ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኝነቱ እስኪረጋገጥ እንደ ንጹሕ እንዲገመት ደንግጓል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም ቢሆን ጎረቤቱን ጨርሶ አልረሳውም። አንቀጽ 575 ሕይወቱ ከባድ አደጋ ላይ የወደቀን ሰው መርዳት እየቻለ አውቆ የተወን ሰው ይቀጣል። ይህን አንቀጽ የሚያውቅ ስንት ሰው ታገኛላችሁ? «እሪ» ሲባል መውጣት የሕግ ግዴታ ሊሆን እንደሚችል ያስተማረን ማን ነው?

ታዲያ ዛሬ የት ደረስን? እኔ እንደማየው ከአውጫጭኝ መልካሙን ጥለን ክፉውን አስቀርተናል። መውጣቱን ትተን መጠርጠሩን ይዘናል።

ከዘመሮ አውቶቡስ ተሳፍሮ አዲስ አበባ የገባውን ወጣት እናስበው። በአቅሙ ቤት የሚያገኘው ስሙ በጠፋ ሰፈር ነው። ሥራ ሲጠይቅ «ተያዥ አምጣ» ይባላል። «የት ነው የምትኖረው?» ሲሉት የሰፈሩን ስም ሲጠራ ፊት ይለወጣል። አፈሳ ሲመጣ ከጓደኞቹ ጋር ተጭኖ ይሄዳል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384 አንድን ሰው አደገኛ ቦዘኔ ለማለት መሥራት እየቻለ የታወቀ መተዳደሪያ ማጣቱ ብቻ አይበቃም ይላል፤ በአዋጁ ከተዘረዘሩት ድርጊቶች በአንዱ መገኘት አለበት። በመንገድ ላይ ግን ማን ይህን ይለያል? «ቦዘኔ» የሚለው ቃል በሰፈር ይታደላል። እንግዲህ ልጁ ለማያውቀው ሌባ ካሳ እየከፈለ ነው፤ ለዚያውም ሽማግሌ ሳይሰማው፣ ሳይምል፣ ሳይጠየቅ።

እስቲ ደግሞ ርቀቱን በኦሪቱ ዘዴ እንለካው። ከቆመ መኪና ላይ ስፖኪዮ ተነቅሏል። የነቀለው የደሃ ሰፈር ልጅ ነው እንበል። የሚገዛው ማን ነው? መኪና ያለው ነው። በግማሽ ዋጋ ሲቀርብለት «ከየት መጣ?» ብሎ በልቡ ጠይቆ በአፉ ዝም ይላል፤ ልክ እንደ በሬው ጎረቤት። ርቀቱ በትክክል ቢለካ የቅርቡ ከተማ እሪ በከንቱ ሳይሆን ቦሌ ሊሆን ይችላል። የሌባ ተቀባይ ሰፈር ግን በስሙ ሲጠራ ሰምተን አናውቅም።

ስም ሲወጣም ሁልጊዜ እውነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 ኪቲ ጄኖቬዝ የምትባል ወጣት ኒው ዮርክ ውስጥ በሌሊት ተወግታ ተገደለች። ኒው ዮርክ ታይምስ 38 ጎረቤቶች እያዩ ዝም አሉ ብሎ ጻፈ። ዓለም ጉድ አለ፤ የሥነ ልቦና መማሪያ መጻሕፍት ሳይቀሩ ደጋገሙት። ቆይቶ ሲጣራ ብዙው የተጋነነ ሆኖ ተገኘ። አንድ ሰው ከመስኮቱ ጮኾ አጥቂውን ለጊዜው አባሮት ነበር፤ አንዲት ጎረቤት ደግሞ ደረጃውን ወርዳ የምትሞተውን ልጅ አቅፋት ነበር። ጋዜጣው ራሱ እ.ኤ.አ. በ2016 የቀድሞ ዘገባው ስሕተት እንደነበረበት ጻፈ። ሰፈሩ ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት በዚያ ስም ኖረ። በእኛም እሪ በከንቱ ስንቶች ሌሊት ወጥተው ስንቱን አድነው ይሆናል፤ የወጡትን የሚቆጥር ስም ግን አልወጣም።

ያልወጡትንም ቢሆን ፈሪ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ዝምታቸው ትምህርት ቤት ነበረው። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የተቋቋመው ቀበሌ የጎረቤት ጉዳይ ማስፈጸሚያ ይሆናል ተብሎ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ አብዮት ጥበቃው ታጠቀ፣ ቤት ለቤት ተፈተሸ፣ ሕዝብ ተሰብስቦ «አጋልጥ» ተባለ። ያቺ የሜዳዋ ወፍ ጆሮ ጠቢ ሆነች። ከዚያ የተረፈ ሰው ለልጁ ያወረሰው «ዝም አይነቅዝም» እና «ጎመን በጤና» ነው። በሌላ በኩል ሰው ሁሉ የሚወጣበትም ቀን አለ። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. በጎጃሟ አዲስ ዓለም ከተማ ለጥናት የሄዱ ሁለት ተመራማሪዎች ሕፃናትን ይመርዛሉ በሚል አሉባልታ በሕዝብ ተደብድበው ተገደሉ። በአሉባልታ ተነድቶ መውጣት መድረስ አይባልም። በአውጫጭኝ ቢያንስ መሐላና ሽማግሌ ነበር። የመንዝ ደጋም ቢሆን ዛሬ የተረት አገር አይደለም፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ በሌሊት የሚንኳኳ በር እዚያም የሚከፈተው ብዙ ታስቦ ነው።

እንግዲህ ምን ሲኖር ነው ሰው ለጎረቤቱ የሚወጣው? እዚያው መንዝ ጓሳ ላይ አንድ መልስ አለ። የጓሳ ሣር ለዘመናት በቀሮ ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። አባ ቀራ ይመረጣል፣ ቦታው ለዓመታት ይዘጋል፣ ጊዜው ሲደርስ ተከፍቶ በደንብ ይታጨዳል። የደፈረውን የሚይዘው ከሩቅ የመጣ ዘበኛ ሳይሆን ጣሪያውን በዚያ ሣር የሚከድነው ባላገር ራሱ ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ባለ ድርሻነቱን ሲያፈርሰው ጥበቃውም ላላ፤ በኋላ ማኅበረሰቡ እንደገና ተደራጅቶ ነው ጓሳ የተረፈው። ሰው ድርሻ ያለውን ይጠብቃል ማለት ነው። በቀበሌ ቤት ዕድሜውን የጨረሰው የመሀል ከተማ ነዋሪ ጣሪያው ሲያፈስ እንኳ አሳድሶ የእኔ ነው ማለት አይችልም ነበር። ነገ ይፈርሳል በተባለ ሰፈር «ለሰፈርህ ኃላፊነት ውሰድ» መባል መቀለድ ይመስላል። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ የተበተነው ቤት ብቻ አልነበረም፤ የማን ልጅ ማን እንደሆነ የሚያውቅ ዓይን አብሮ ተበተነ። ስሙ የከፋ ሰፈር ውስጥ እንዲህ ያለ ዓይን እንደነበር ከውጭ የሚያይ አያውቅም።

የቀረን አንድ ነገር ዕድር ነው። ጥሩምባ ሲነፋ የተጣላው ይቅር ብሎ፣ የደከመው ተነሥቶ፣ ወንበርና ድንኳን ተሸክሞ ይወጣል። «ያ ሰፈር» በምንለው በዚያ ሰፈር ይህ ሳይጓደል ይፈጸማል። ሰዉ መውጣት አልረሳም፤ የሚወጣው ግን ለሞተ ነው። አሥራ ስድስት ዓመቱ ላይ ትምህርት አቁሞ ጥግ ላይ መቆም ለጀመረ ልጅ ጥሩምባ አይነፋም። ያው ልጅ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ በጩቤ ሲሞት ይነፋል፤ ያን ጊዜ ሁላችንም እንወጣለን።

የዕድሩ መተዳደሪያ ደንብ የሰማይ ትእዛዝ አይደለም፤ አባላቱ የጻፉት ነው፣ አባላቱ ሊያሻሽሉት ይችላሉ። ከወር መዋጮው ትንሽ ቀንሶ ለልጁ የሙያ ትምህርት ቤት መክፈል ይቻላል። ተያዥ ላጣው ልጅ ዕድሩ ተያዥ ሊሆንለት ይችላል፤ ሠላሳ ዓመት አብሮ የኖረ ሰው ካልመሰከረለት ማን ይመስክርለት? በሌሊት ጩኸት ሲሰማ ቢያንስ አምስት ቤት መብራት እንዲያበራና በር እንዲከፍት መስማማት ገንዘብ አይጠይቅም። እኛ ከውጭ ያለነው ደግሞ ሥራ ሊጠይቅ የመጣውን ልጅ «የት ሰፈር ነህ?» ከማለታችን በፊት «ምን ትችላለህ?» እንበለው። ርካሹን ስፖኪዮም እንተወው።