ቀዬ ስንት ያወጣል?

ለመሆኑ ከገብስ ማሳውና ከአባቶቹ መቃብር ተነሥቶ ለሚሄድ ሰው «ስንት ቢሰጥዎ ይለቃሉ?» ብሎ መጠየቅ ዕውቀት ነው ወይስ ድፍረት?

ነገሩ ወዲህ ነው። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ይኖሩ የነበሩ ከሁለት ሺህ በላይ የግጭ ሰዎች በ2008 ዓ.ም. ካሳ ተከፍሏቸው ወደ ደባርቅ ወረዱ። በ2009 ዓ.ም. ዩኔስኮ ፓርኩን ከአደጋ መዝገብ ፋቀው። ለዋልያው በጎ ታሰበ። ለሰዎቹስ?

መሬት በአገራችን ሕግ ስለማይሸጥ የገበያ ዋጋ የለውም፤ ተመራማሪ ያለው መንገድ ባለቤቱን መጠየቅ ነው። አጠያየቁ ግን መልሱን ይለውጠዋል። ካነማን፣ ክኔችና ቴለር በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ለከፊሎቹ ተማሪዎች ኩባያ ሰጡ። ኩባያ የያዙት ለመሸጥ የጠየቁት ዋጋ፣ ያልያዙት ለመግዛት ካቀረቡት እጥፍ ያህል ሆነ። የማጣት ሕመም ከማግኘት ደስታ ይበልጣልና። ገና አሁን ለተሰጠ ኩባያ እንዲህ ከሆነ፣ ለአያት ቅድመ አያት ቀዬ እንዴት ሊሆን ነው?

እንግዲህ ከደባርቅ ወይም ከዳባት መጠይቅ ይዞ የሚወጣ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ልብ ይበል። «ቀዬዎን ለማስቀረት ስንት ይከፍላሉ?» ብሎ የጠየቀ፣ ቀዬው የሌላ ሰው ነው ብሎ አስቀድሞ ፈርዷል። «በስንት ይለቃሉ?» ያለ ደግሞ ለ«እምቢ» ቦታ ካልተወ፣ የጠየቀ ይመስላል እንጂ አልጠየቀም። በዚህ ዓይነት ጥናት «በምንም ዋጋ አልለቅም» የሚሉ መልሶች ብዙ ጊዜ ከስሌት ይወጣሉ። ለስሌቱ ይመቻል። እኔ ግን ሰውየው እውነቱን የተናገረው እዚያ ላይ ይመስለኛል።