አንድ ኪሎ ስንት ይመዝናል?

ከዚያች ቅዳሜ በፊት ብስክሌቴ ከባድ አልነበረችም። አንባቢ ይህን ሲያይ "ብረት በአንድ ቀን ክብደት ይጨምራል እንዴ?" ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። አይጨምርም። እኔ ግን የደረሰብኝን ነው የምናገረው። ለአራት ዓመታት ያህል ከሽሮ ሜዳ እስከ እንጦጦ ማርያም ያለውን ዳገት ቅዳሜ ቅዳሜ ስወጣባት፣ ቁልቁለቱንም ስወርድባት ላብ እንጂ ቅሬታ አልነበረኝም። ያገለገለች የተራራ ብስክሌት ናት፤ ቴላዮዋ አሉሚኒየም፣ ጎማዋ ሰፊ፣ ቀለሟ በየቦታው የተላጠ። ስንት ኪሎ ትሆን ብዬ አስቤ አላውቅም። ለመሆኑ የገዛ እግሩን ክብደት የሚያስብ ማን አለ?

ያን ቀን ግን በአሜሪካ ኮሎራዶ የሚኖር አብሮ አደጌ ለዕረፍት መጥቶ ነበርና አብረን ልንወጣ ተቀጣጠርን። የእርሱ ብስክሌት ካርቦን ናት። ሽሮ ሜዳ ላይ ተገናኝተን ሰላምታ እንደተለዋወጥን "እስቲ አንሣት" አለኝ። በአንድ እጄ ብድግ አደረግኳት። እርሱም በተራው የእኔን አነሣና ምንም ሳይናገር፣ ፈገግ ብቻ ብሎ መልሶ አስቀመጣት። እንግዲህ ብስክሌቴ የከበደችው በዚያች ፈገግታ ነው። ዳገቱን ስንጀምር ፔዳሉን በረገጥኩ ቁጥር ኪሎ የምቆጥር ሰው ሆኜ ነበር።

በማግሥቱ ነገሩን በቁርጥ ለማወቅ ብስክሌቴን ይዤ መንገድ ዳር ሚዛን ዘርግቶ ከሚቀመጥ አንድ ልጅ ዘንድ ሄድኩ። መጀመሪያ ብቻዬን፣ ቀጥሎም ብስክሌቴን አንጠልጥዬ ሚዛኑ ላይ ወጣሁ። ልጁ በመገረም አየኝና "ጋሼ፣ ይሄ የሁለት ሰው ሒሳብ ነው" አለኝ። ከፈልኩ። እኔ 68 ኪሎ፣ ብስክሌቴ 15 ኪሎ ሆንን። የጓደኛዬ 10 ኪሎ እንደሆነች ነግሮኛል። ልዩነቱ 5 ኪሎ፣ ከብስክሌቴ ክብደት ሲሶው ማለት ነው። ሐዘኔ በማስረጃ ተደገፈ!

ይሁን እንጂ ቁጥሩ በደንብ ሲሰላ ሌላ መልክ አለው። ዳገት የምትወጣው ብስክሌቷ ብቻዋን አይደለችም፤ የተቀመጠባትም ሰው አብሮ ይወጣል። እኔ 68፣ ብስክሌቷ 15፣ ልብስና ውኃ 2፣ በድምሩ 85 ኪሎ። ከዚህ ላይ 5 ኪሎ ቢቀነስ ከመቶ 6 አይሞላም። ቀጥ ባለ ዳገት ላይ ፍጥነቱ ዝግ ያለ ስለሆነ የነፋስ ግፊት እምብዛም አያስቸግርም፤ አብዛኛው ጉልበት የሚያልቀው ክብደትን ወደ ላይ በማንሣት ነው። ስለዚህ 40 ደቂቃ የሚፈጅብኝን ዳገት በዚያው ጉልበት በጓደኛዬ ብስክሌት ብወጣው የማተርፈው 2 ደቂቃ ከ20 ሰኮንድ ያህል ነው። 1 ኪሎ ብቻ ለመቀነስ ብሎ ብዙ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ደግሞ የሚያተርፈው ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። ያው ሰው ጉዞውን ሲጀምር አንድ ሊትር ውኃ ይይዛል። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው።

ይህን ስል ክብደት ከንቱ ነገር ነው ማለቴ አይደለም። የምኖረው ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ ከእንጦጦ ስመለስ 15 ኪሎ ምን ማለት እንደሆነ ደረጃው ያስረዳኛል። ጠባብ መንገድ ላይ ቶሎ ለመታጠፍ፣ ግንድ ለመዝለል ቀላል ብስክሌት ይበልጥ ትታዘዛለች። የጎማና የቸርኬ ክብደትም በተነሡና ፍጥነት በጨመሩ ቁጥር ይሰማል። በአንጻሩ ደግሞ ለቁልቁለት ውድድር የሚሠሩት ብስክሌቶች 15 ኪሎና ከዚያ በላይ የሚመዝኑት ሠሪዎቻቸው ማቅለል ስላቃታቸው አይደለም። ጠንካራ ቴላዮ፣ ወፍራም ጎማ፣ አስተማማኝ ፍሬን፣ ንዝረት የሚውጥ ሹካ ሁሉም ክብደት አላቸው፤ ጋላቢውን ከአጥንት ስብራት የሚያድኑትም እነርሱ ናቸው። ቅለትን ማሳደድ ደግሞ መጨረሻ የለውም። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የአስፋልት ውድድር ብስክሌት ከ6.8 ኪሎ እንዳያንስ ደንብ ማውጣቱም ያለ ምክንያት አልነበረም።

የዚህ ስፖርት ታሪክ ራሱ የሚያስተምረን ነገር አለው። የተራራ ብስክሌት በስፖርትነት የተወለደው በአሜሪካ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን ባለው በማሪን አውራጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የዚያ አካባቢ ወጣቶች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊትና በዚያው ዘመን የተሠሩ የሽዊን ብስክሌቶችን እየፈለጉ፣ እየጠገኑ በታማልፓይስ ተራራ ዙሪያ ባሉ የአፈር መንገዶች ቁልቁል ይጋልቡባቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1976 ፌርፋክስ ከተማ አጠገብ ውድድር ጀመሩ፤ ስሙንም "ሪፓክ" አሉት። ስሙ የመጣው ከፍሬኑ ነው። ፔዳሉን ወደ ኋላ በመርገጥ የሚሠራው ፍሬን ቁልቁለቱ ላይ ከመጋሉ የተነሣ ግራሶው ተቃጥሎ ይጨስ ስለነበር ከእያንዳንዱ ግልቢያ በኋላ እንደገና መሙላት ግድ ነበር። እነዚያ ብስክሌቶች ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝኑ ነበር። ታዲያ ያን ጊዜ ደስታ ጎድሏቸው ነበርን? ደስታ ጎድሏቸው ቢሆን ኖሮ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚዘወተር ስፖርት ባልወጣው ነበር።

ነገር ግን ታሪኩን እዚህ ላይ ማቆም ማታለል ይሆናል። እነዚያ ወጣቶች ወደ ተራራው አናት የሚደርሱት ብዙውን ጊዜ ብስክሌቱን እየገፉ ወይም በፒክአፕ መኪና ጭነው ነበር፤ ጋልቦ መውጣት አይታሰብም። ስለዚህ ጋሪ ፊሸር በአሮጌው ብስክሌት ላይ ማርሽ ገጠመበት፤ ጆ ብሪዝም እ.ኤ.አ. በ1977 ለዚሁ ሥራ ተብሎ የታቀደ፣ 17 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ብስክሌት ሠራ። እነዚህ ሰዎች ክብደት የቀነሱትና ማርሽ የጨመሩት በደቂቃ ለመፎካከር ብቻ አልነበረም፤ ተዘግቶባቸው የነበረውን ዳገት ለመክፈት ጭምር እንጂ። የተዘጋ መንገድ የሚከፍት ቅለትና በተከፈተ መንገድ ላይ ሁለት ደቂቃ የሚያስተርፍ ቅለት አንድ አይደሉም። ሚዛኑ ግን ሁለቱንም በአንድ ስም "ኪሎ" ብሎ ይጠራቸዋል።

በርናርድ ሱትስ የተባለ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው መጽሐፍ ጨዋታ ማለት ሳያስፈልግ ያስቀመጡትን እንቅፋት በፈቃደኝነት ለመወጣት መታገል ነው የሚል ሐሳብ አቅርቧል። ለእኔ ቅዳሜ ይህ ልኩ ነው። ዓላማዬ እንጦጦ ማርያም መድረስ ብቻ ቢሆን ታክሲ አለልኝ። ዳገቱን የምወደው ዳገት ስለሆነ ነው፤ ድካሙ ቢወጣለት ከደስታው የሚተርፈኝ ጥቂት ነው። ይህ ሐሳብ የሚሠራው ግን እንቅፋቱን ራሱ ለመረጠ ሰው ነው። በዚያችው ቅዳሜ ከጓደኛዬ ኋላ እያለከለክሁ የምስኪኗን ብስክሌቴን ኪሎ ስረግም፣ አንዲት እናት የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ በጀርባቸው ተሸክመው ጎንበስ ብለው እየወረዱ ነበር። በዚያ መንገድ የሚወርድ የእንጨት ሸክም 30 ኪሎ ማለፉ የተለመደ ነው። እኛን ሲያዩ ከነሸክማቸው ዳር ይዘው አሳለፉን። ለእርሳቸው ክብደት ጨዋታ አይደለም፤ ስለ ድካም ደስታ ልሰብካቸው ብሞክር የምሰማውን አውቀዋለሁ።

ይህ ሁሉ ሐሳብ ከፍልስፍና ወርዶ ቤቴ የገባው ግን በእኅቴ ልጅ በኩል ነው። ሰባት ዓመቷ ነው። ዘመድ ሁሉ አዋጥተን፣ ቅርጫትና ደጋፊ ጎማ ያላት የምታምር ብስክሌት ገዝተንላት ነበር። ሦስት ቀን ሞክራ ተወቻት። "ለምን?" ስላት "አጎቴ፣ ብስክሌቷ አትወደኝም" አለችኝ። እኔም እንደ ትልቅ ሰው "በርቺ እንጂ፣ ሰነፍ አትሁኚ" ብዬ ገሠጽኳት። ብስክሌቷም ደረጃው ሥር ቆማ አቧራ ለበሰች።

የእኔን ካስመዘንኩ በኋላ በሳምንቱ የእርሷንም ይዤ ወደዚያው ልጅ ሄድኩ። 12 ኪሎ! ልጅቱ ራሷ 21 ኪሎ ናት። ብስክሌቷ ከገዛ ክብደቷ ከግማሽ በላይ ነች ማለት ነው። በዚያው ልክ ለእኔ ይሰጠኝ ቢባል 39 ኪሎ የምትመዝን ብስክሌት ይደርሰኛል፤ በእርሷ እንጦጦን ቀርቶ የኮንዶሚኒየሙን ግቢ መዞር ይከብደኛል። ከ85 ኪሎ ላይ 5 ኪሎ በዝቶብኝ ሳምንቱን ሙሉ ያዘንኩ ሰው፣ ያን የሚያህል ብረት የተጫነባትን ሕፃን ሰነፍ ብያታለሁ። እርሷ የመረጠችው መጋለብን ነው፤ ሸክሙን የመረጥንላት እኛ ነን። የመረጥነውም በቅርጫቱ ውበት ነው።

እኅቴና እኔ ቁጭ ብለን ቅርጫቱን፣ የኋላ መጫኛውን፣ የብረት ፓራፋንጎውንና ደጋፊ ጎማዎቹን ፈታን። ኮርቻውን እግሯ መሬት እስኪነካ ዝቅ አድርገን ካቴናውን ዘይት ቀባን፤ ጎማውን ነፋን። ከ10 ኪሎ በታች ወረደች። አሁንም ለእርሷ ከባድ ናት፤ ብረቱን መለወጥ አልቻልንም። ሆኖም ከብዙ መውደቅና ጥቂት ልቅሶ በኋላ ግቢውን አንድ ጊዜ ዞረች። ስትመለስ "አጎቴ፣ ታረቅን" አለችኝ።

አበው "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ይላሉ። ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው ስለ መተጋገዝ ስንናገር ነው። እኔ ግን አሁን አሁን ሌላም ነገር ይታየኛል። ሎሚው ያው ሃምሳ ነው፤ ሸክም ወይም ጌጥ የሚያደርገው የተሸካሚው አቅም ነው። የብስክሌት ክብደት ለደስታ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር፣ መልሴ "ለማን?" የሚል ነው። ለትንሽ ጋላቢ፣ ለደካማ ጉልበት፣ መንገዱ ለተዘጋበት ሰው እጅግ ይጠቅማል። እኔን ለመሰለ ጎልማሳ ግን አብዛኛው ጉዳይ ከሚዛኑ ሳይሆን ከጎረቤት ብስክሌት የሚመጣ ነው።

ጓደኛዬ ወደ ኮሎራዶ ተመልሷል። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ በዚያችው በተላጠች ብስክሌቴ እንጦጦ እወጣለሁ። እውነቱን ለመናገር ያቺ ፈገግታ አልፎ አልፎ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ትመጣብኛለች፤ ያን ጊዜ ብስክሌቴ ትንሽ ትከብዳለች። ያን የእኅቴን ልጅ "ታረቅን" ሳስብ ደግሞ ተመልሳ 15 ኪሎ ትሆናለች።