መዳን እንወዳለን ወይ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

 ይህ የዐቢይ ጾም አራተኛ ሰንበት መፃጉዕ ይባላል። በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ ዳር 38 ዓመት በሕመም የኖረው ሰው የሚታሰብበት ነው። ጌታችን ቀርቦ አስቀድሞ የጠየቀው መዳን ይወድ እንደሆነ ነበር። 38 ዓመት የታመመ ሰው እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል ወይ? ጌታ የጠየቀው ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ የደከመውን ፈቃድ ሊቀሰቅስ ነው እንጂ። በሽተኛው ግን «አዎን» ከማለት ይልቅ የሚረዳው ሰው እንደሌለው ነው የተናገረው።

ይህን ጥያቄ ዛሬ ወደ ማዕዳችን እናምጣው። ከመካከላችን ሐኪም «ደም ግፊትህ ከፍ ብሏል፤ ስኳርም ጀምሮሃል፤ ክብደት ቀንስ» ያለው ሰው ጥቂት አይደለም። ምክሩን ሰምተን እንወጣለን፤ ወር ሳይሞላ ግን እዚያው ነን። እጃችንን ማን አሰረው? ማንም። የታሰረው አሳባችን ነው። ሦስት ማሰሪያዎችን እንመልከት።

የመጀመሪያው «ብከሳ ምን ይሉኛል?» የሚለው ነው። በእኛ በወሎ ይህ አሳብ ከባዶ አልመጣም። የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሃብ ያዩ አባቶችና እናቶች ዛሬም አሉ። በዚያ ዘመን መክሳት ማለት ማጣት ነበር፤ ከዚያም ሞት። ስለዚህ ከመካነ ሰላም ጀምሮ እስከ ዓባይ በረሃ አፋፍ፣ ወፍሮ የመጣን ልጅ «ተመችቶታል» እንላለን፤ የቀጠነውን «ምነው? አመመህ እንዴ?» እንላለን። እናት «በሞቴ! አፈር ስሆን፣ አንድ ጉርሻ» ስትል የረሃብን ፊት ስላየች ነው። ይህን ፍቅር መናቅ አይገባም። ነገር ግን ዛሬ ያለ ልክ መብላት በረሃብ የሞቱትን አያስነሣም። «እጅሽ ይባረክ እናቴ፣ ጠግቤያለሁ» ማለት ነውር አይደለም። እናቶችም ሆይ፣ ስኳር ያለበትን ልጅ በሞታችሁ አታስምሉት፤ ፍቅር አንዳንዴ ሳህኑን ማንሣት ነውና።

ሁለተኛው «እኔ እኮ ጾመኛ ነኝ» የሚለው ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ሥጋና ወተት፣ ቅቤና እንቁላል እንተዋለን። ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ በዘይት የራሰ ሽሮ፣ ሳምቡሳና ለስላሳ ቢደረድሩበት ሰውነት ይቀንሳል ወይ? አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ አለው፤ አንድ ግራም ስኳር ግን 4 ነው። ስቡ ከላም ይምጣ ከኑግ፣ የተረፈውን ሰውነት ያከማቸዋል።

በሌላ በኩል ጾም ለመክሳት አልተሠራም፤ ለንስሐ፣ ለጸሎትና ለምጽዋት ነው። ለመልኩ ብሎ የሚራብ ሰው ክብደት ይቀንስ ይሆናል እንጂ ጾመ አይባልም። ታዲያ ጾም ምን ይረዳናል ብትሉ፣ ፈቃድን ያሠለጥናል። እስከ ቅዳሴ መውጫ የታገሠ ምእመን አንድ ነገር በራሱ ላይ አይቷል፦ ረሃብ «አሁኑኑ!» ብሎ ይጮኻል፤ ቆየት ሲል ግን ጩኸቱ ይበርዳል። ይህንን የሚያውቅ ሰው ማታ ሁለተኛ እንጀራ ሲጎርብጠው «አልችልም» ሊል አይችልም።

ሦስተኛውና ክፉው «ካፈርኩ አይመልሰኝ» ነው። ሠርግ ወይም ዝክር ላይ ከልክ አልፎ የበላ ሰው «በቃ ተበላሸ፤ ከፋሲካ በኋላ እጀምራለሁ» ይላል። ይህ ተስፋ መቁረጥ ነው። እኛ የንስሐ ልጆች ነን፤ የወደቀ ሰው እዚያው እንዲተኛ አልተማርንም። ደግሞም የሚፈለገው ያስፈራንን ያህል አይደለም። በ1994 ዓ.ም. (በፈረንጆች 2002) አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ለስኳር በሽታ የቀረቡ ከ3,200 በላይ ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲራመዱ የተደገፉት፣ ያለ መድኃኒት በስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ሰባት በመቶ ማለት 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው አምስት ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። 150 ደቂቃውም በሳምንት አምስት ቀን፣ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ነው፤ ባጃጅ የምንሳፈርበትን መንገድ በእግር መሄድ ማለት ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ሁለት ነገር እናስተውል። የስኳር መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የምትወስዱ፣ ሐኪማችሁንና የነፍስ አባታችሁን ሳታማክሩ ከምግብ አትከልከሉ። ደግሞም የወፈረን ሰው «ሆዳም» ብለን አንፍረድ፤ በሕመም፣ በመድኃኒት ወይም ከወሊድ በኋላ የወፈረ አለ። ሰውን ማሳፈር ማንንም አላዳነም። ጌታም መፃጉዕን አላሳፈረውም፤ አስነሣው እንጂ።

ያ ሰው 38 ዓመት አልጋው ተሸክሞት ኖረ፤ በዚያች ቀን ግን አልጋውን ራሱ ተሸክሞ ሄደ። ሥጋችን ጠላታችን አይደለም፤ የእግዚአብሔር ማደሪያ ነው። ጌታም አይደለም፤ ሊታዘዝ የተሰጠን ነው። ስለዚህ የነገውን እንተወውና ዛሬ ማታ ማዕድ ስንቀርብ፣ ከጸሎቱ በኋላ ራሳችንን እንጠይቅ፦ መዳን እንወዳለን ወይ? «አዎን» የሚል መልስ ካለን የሚበቃንን ቆርሰን የቀረውን ለተራበ እናካፍል። ያን ጊዜ ጾማችን ለሥጋም ለነፍስም ይሆንልናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።