ሲሮጡ የታጠቁት

ልጄ፣ ጀርመን ሄጄ በነርስነት እሠራለሁ ብለሽ መነሳትሽን እናትሽ አጫወተችኝ። ደስ ብሎኛል። ዕድሜዬን ከሕሙማን አልጋ አጠገብ የፈጀሁ ሴት ስለሆንኩ፣ ሙያሽ የትም ብትሄጂ እንደማያሳፍርሽ አውቃለሁ። የምመክርሽ ስለ ቋንቋው ነው።

ደላላው «የጀርመንኛው ኤ2 ደረጃ ይበቃሻል» አለሽ አሉ። አልዋሸም። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. ከማርች 2024 ጀምሮ ቀጣሪ ያገኘ ባለሙያ በኤ2 ገብቶ የትምህርት ማስረጃውን እውቅና እዚያው ሆኖ እንዲጨርስ በሕግ ፈቅደዋል። ደላላው ያስቀረብሽ ቀጣዩን ነው። እውቅናው እስኪመጣ የምትሠሪው በረዳትነት ነው፤ ነርስ ተብለሽ ለመሥራት ደግሞ በአብዛኛው ከፍ ያለው ቢ2 ይጠየቃል። ቀን ሙሉ በፈረቃ ቆመሽ ስትውዪ፣ ማታ በዚያ ብርድ ክፍል ገብተሽ ሰዋስው ልታጠኚ ነው? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ከቻልሽ ቢ2ን እዚሁ፣ እናትሽ ቤት ሆነሽ ጨርሺው። አንድ ዓመት ቢዘገይብሽ ይዘግይ።

ለፈተናው ጎተ ኢንስቲትዩት አዲስ አበባ አለልሽ። ቢ2 አራት ክፍል አለው፦ ማንበብ፣ ማዳመጥ፣ መጻፍና መናገር። እያንዳንዱ ከ100 ይታረማል፤ ማለፊያው 60 ነው። በአንዱ ብትወድቂ ያንኑ ብቻ ደግመሽ ትፈተኛለሽ፤ ያለፍሽው አይነካብሽም። እኔ የምፈራልሽ መናገሩን ነው። ከሌላ ተፈታኝ ጋር ተቀምጠሽ፣ መጀመሪያ ስለ አንድ ጉዳይ አጭር ገለጻ ታደርጊያለሽ፣ ከዚያ ትከራከራላችሁ። አንቺ ደግሞ ከልጅነትሽ ጀምሮ በሰው ፊት አንገትሽን የምትደፊ ነሽ። ጨዋነትሽን እወደዋለሁ። ግን «ዝም አይነቅዝም» የሚባለው ለሽማግሌ ሸንጎ እንጂ ለፈተና አይሆንም። ከቋንቋ ክፍልሽ ልጆች ሁለት ሦስቱን ያዢና በየሳምንቱ በጀርመንኛ ተሟገቱ፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር። አማርኛሽም ይረዳሻል፤ ጀርመንኛ በጥገኛው ሐረግ ውስጥ ግሡን እንደኛው መጨረሻ ላይ ያስቀምጠዋል።

ከሁሉ በላይ ግን ቁጥር። እኛ ሰማንያ አራት የምንለውን እነሱ «አራትና ሰማንያ» ነው የሚሉት። በፈረቃ ርክክብ ላይ ነሽ እንበል። የምትወጣው ነርስ የአንድ አዛውንት የልብ ምት 48 መሆኑን ትነግርሻለች። ጆሮሽ የሚሰማው መጀመሪያ ስምንትን፣ ከዚያ አርባን ነው፤ ደክሞሽ ከሆነ እጅሽ ሳታስቢው 84 ብሎ ይጽፋል። ሰውዬው ደግሞ የልብ ምት የሚያዘገይ ክኒን በየጠዋቱ የሚወስድ ነው። በ48 ክኒኑ ሐኪም ሳይጠየቅ መሰጠት አልነበረበትም፤ አንቺ ግን 84 ብለሽ ስለጻፍሽ ቁርሱን እንደበላ ሰጠሽው። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ይላሉ፤ በእኛ ሙያ በመስማትም ይፈረዳል። በኤ2 አትሂጂ የምልሽ ስለ ደረጃሽና ስለ ደመወዝሽ ብቻ ብዬ አይደለም፤ አልጋው ላይ ስለተኛው ሰው ነው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ወንድምሽ የስልክ ቁጥር፣ የደም ግፊት፣ የመድኃኒት መጠን በጀርመንኛ እያነበበ ያጽፍሽ። እየፈጠነ ያንብብልሽ። ያልሰማሽውን «እባክዎ ይድገሙልኝ» ማለትን ከአሁኑ ልመጂ፤ ደግማ የጠየቀች ነርስ አትናቅም፣ ያልሰማችውን እንደሰማች ሆና ያለፈችው ናት ሰው የምትጎዳው።

የፈተናውን ወረቀት በገንዘብ እናስወጣልሽ የሚልም አይጠፋም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ለቪዛ ስትቀርቢ ሁለት ጥያቄ በጀርመንኛ ቢጠይቁሽ ነገሩ እዚያው ያበቃል። እንዲህ ያለውን ሰው ቤትሽ አታስገቢ።

እስከዚያው ማስረጃሽን አሰባስቢ። ትራንስክሪፕት፣ የሙያ ፈቃድና የሥራ ልምድ ደብዳቤ እንዳለሽ አውቃለሁ። የጎደለሽ በየትኛው የሕክምና ክፍል ስንት ሰዓት እንደተለማመድሽ የሚዘረዝር ወረቀት ነው። ጀርመኖች ትምህርትሽን ከራሳቸው ሥልጠና ጋር ሲያስተያዩ ሰዓቱን ይቆጥራሉ፤ ያልተጻፈልሽን ልምምድ እንዳልሠራሽው ነው የሚወስዱት። ይህን ወረቀት ኮሌጆች ሳይጠየቁ አይሰጡም፣ ጠይቀሽም ቶሎ አይወጣም። ሰኞ ጠዋት ሬጅስትራር ቢሮ ሄደሽ ማመልከቻሽን በጽሑፍ አስገቢ፣ የገባበትን ቀን ቅጂው ላይ አስፈርሚ።