የዳክዬው እውነተኛ ቀለም

የአውሮፓና የሳይቤሪያ ሐይቆች ወደ በረዶ ሲለወጡ ወደ ደቡብ ከሚወርዱት የዱር ዳክዬዎች ጥቂቶቹ ጅቡቲ ከተማ ዳር፣ በሐራሙስ በኩል ባለው ረግረግ ያርፋሉ። ባሕሩ ሲሸሽ ጭቃው በአብዛኛው የፍላሚንጎና የሌሎች እግረ ረጃጅም ወፎች ነው፤ ዳክዬ ለማግኘት ትዕግሥት ይጠይቃል። ከመጪዎቹ አንዱ፣ ሾቨለር የሚባለው መንቁረ ሰፊ ዳክዬ፣ ለፎቶ አንሺው ከባድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። የወንዱ ጭንቅላት በፎቶው ላይ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ ኮምፒውተር ላይ ጥላውን ትንሽ ሲያበሩት አረንጓዴ ይሆናል። እውነተኛው የትኛው ነው?

«ካሜራው የሰጠህን አትንካ» የሚሉ አሉ። ንጹሕ አቋም ይመስላል፤ ግን ያልተነካ ፎቶ የለም። በአብዛኞቹ ዲጂታል ካሜራዎች ውስጥ እያንዳንዷ ብርሃን ተቀባይ ነጥብ ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ አንዱን ብቻ ትመዘግባለች፤ የቀሩትን ሁለቱን ሶፍትዌሩ ከጎረቤት ነጥቦች አስልቶ ይሞላል። ማንም እጁን ሳያስገባ የምናየው ቀለም ሁለት ሦስተኛው ስሌት ነው ማለት ነው።

ዳክዬው ራሱም አይረዳንም። የጭንቅላቱ አረንጓዴ በላባው ውስጥ የተደረደሩ ረቂቅ ቅንጣቶች ብርሃንን ሲመልሱ የሚፈጠር ነው፤ ወፉ አንገቱን ሲያዞር ቀለሙ ይጠፋል፣ ይመለሳል። ሴቷ ዳክዬ ደግሞ እኛ የማናየውን አልትራቫዮሌት ብርሃን ጭምር ታያለች። ለእሷ የሚታያትን ወንድ ማንም ሰው አይቶት አያውቅም፤ ይህ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ታዲያ ሁሉም ይፈቀዳል? አይፈቀድም። እ.ኤ.አ. በ2009 በታዋቂው የዓመቱ የዱር እንስሳት ፎቶ ውድድር ታላቁን ሽልማት ያገኘው የአጥር ዘላይ ተኩላ ፎቶ በ2010 መጀመሪያ ላይ ሽልማቱን ተነጠቀ፤ ዳኞቹ ተኩላው የሰለጠነ ሳይሆን አይቀርም ብለው ደመደሙ፤ ፎቶ አንሺው ግን አስተባበለ። ክሱ ምስሉ በኮምፒውተር ተቀይሯል የሚል አልነበረም። ጥያቄው የቆመው በእንስሳውና በሰውየው መካከል ነበር። ስለዚህ ድንበሩን በተነካና ባልተነካ መካከል ማስመር ከንቱ ነው።

እኔ የዱር ፎቶን እንደ ምስክር ቃል አየዋለሁ። ምስክር ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ቃሉን መርጦ ቢናገር ማንም አይከሰውም፤ ያላየውን ሲጨምር ግን ምስክርነቱ ይፈርሳል። ጥላውን ማብራት ከፊተኛው ወገን ነው፤ አረንጓዴው እዚያ ነበረና። በጅቡቲ ግን ሁለተኛው ወገን ቅርብ ነው። ፀሐይ ከፍ ስትል ከጭቃው የሚነሳው ሙቅ አየር ብርሃኑን ያወላግዳል፤ ምንም ያህል ውድ ሌንስ ቢገጠም ላባው ይደበዝዛል። ዛሬ ያንን ደብዛዛ ላባ አንድ በአንድ ነጣጥሎ የሚያወጣ ሶፍትዌር አለ። ከየት ያመጣዋል? ከሌሎች ወፎች ፎቶ ከተማረው። ውጤቱ ያማረ ነው፤ ግን ያ ላባ የዚህ ዳክዬ አይደለም። ደብዛዛው ፎቶ ቢያንስ ሙቀቱን ይመሰክራል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ማጥፋት ነው። በወደቡ በኩል በሚነሱ ፎቶዎች ከወፉ ጀርባ ክሬን ይቆማል፣ ውሃው ላይ ፌስታል ይንሳፈፋል። ሁለቱንም በአንድ ጠቅታ ማስወገድ ይቻላል። ከሐራሙስ እስከ ሎያዳ ያለው ዳርቻ ረግረጎችን ለመጠበቅ በተደረገው ዓለም አቀፍ የራምሳር ስምምነት የተመዘገበ ረግረግ ነው፤ ፌስታሉን ከፎቶው ያጠፋ ሰው ጥበቃ የሚያስፈልገውን ቦታ ጥበቃ የማያሻው አስመስሎታል። ክሬኑ ደግሞ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ባዕድ አይደለም። አብዛኛው የአገራችን ገቢና ወጪ ንግድ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው፤ ብረቱ፣ ማዳበሪያው፣ ስንዴው። ዳክዬው ምግቡን የሚለቅመው የእኛ ዕቃ በሚራገፍበት ዳርቻ ነው፤ ክሬኑን ስናጠፋ ራሳችንን ከታሪኩ እናወጣለን።

እዚህ ላይ የሚያስቸግረኝ መከርከም ነው። ፎቶውን ቆርጬ ዳክዬውን ብቻ ባስቀር ክሬኑ ያው ይጠፋል። ልዩነቱ ይህ ይመስለኛል፦ መከርከም «እዚህ ላይ አተኮርሁ» ይላል፤ ማጥፋት «እዚያ ምንም አልነበረም» ይላል። የፎቶ ጠርዝ ባለበት ሁሉ ተመልካቹ ከጠርዙ ወዲያ ዓለም እንዳለ ያውቃል። ሆኖም አንድ ሰው ዓመት ሙሉ ክሬኑን እየከረከመ ብቻ የጅቡቲን ወፎች ቢያሳይ፣ እያንዳንዱ ፎቶ እውነት ሆኖ ስብስቡ ሐሰት ይሆናል። ለዚህ የማገኘው መድኃኒት ከተከረከሙት መካከል ቢያንስ አንድ ሰፊ ፎቶ፣ ከነክሬኑና ከነፌስታሉ፣ አብሮ እንዲወጣ ማድረግ ነው።