ኢኳላይዘር ከመግዛትህ በፊት

ለዚያች ትንሽ ፔዳልቦርድህ ኢኳላይዘር ማሰብህ ጥሩ ነው፤ ሌላ ዲስቶርሽን ከምትደርብ ይሄ ይሻልሃል። ግን ልጄ፣ ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት ለምን እንደፈለግከው ለይ። ሶሎ ላይ ከፍ ብለህ ለመሰማት ነው? በየመድረኩ የሚጠብቅህን የማታውቀውን አምፕ ለመግራት ነው? ወይስ ኪቦርዱና ሳክስፎኑ ጊታርህን እየዋጡብህ ነው? ብዙውን ጊዜ መልሱ ሦስተኛው ነው።

የጊታርህ ወፍራሟ ክር ክፍቷን ስትመታ 82 ኸርዝ ገደማ ትሰጣለች። የጊታር አምፕ ስፒከር ደግሞ ከ5,000 ኸርዝ በላይ ያለውን እምብዛም አያወጣም። ስለዚህ ከ31 እስከ 16,000 ኸርዝ የተዘረጋ ባለ አስር ባንድ ፔዳል ሲያሳዩህ አትጓጓ፤ ዳርና ዳር ያሉት ባንዶች ላንተ ብዙም ሥራ የላቸውም። ያንተ ጉዳይ ከ200 እስከ 3,200 ባለው ነው። 200 አካባቢ ሲበዛ ድምፁ ይድበሰበሳል። 800ን ትንሽ ከፍ ስታደርገው ጊታሩ ከባንዱ መሀል ብቅ ይላል። 3,200 ጥራት ይሰጣል፣ ሲበዛ ግን ጆሮ ይወጋል።

ቦስ ጂኢ-7 እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ገበያ ላይ አለ። ሰባት ባንድ አለው፣ ከ100 እስከ 6,400 ኸርዝ፤ እያንዳንዱ 15 ዴሲቤል ይወጣል፣ 15 ይወርዳል። ጠንካራ ዕቃ ነው። ነገር ግን የላይኞቹን ባንዶች ስትገፋቸው ሽሽ ይላል እየተባለ ይታማል። ሐሜቱም መሠረት አለው፤ አይሲውን እየቀየሩ ጸጥ የሚያደርጉት ባለሙያዎች የበዙት በዚሁ ምክንያት ነው። የኤምኤክስአር ባለ ስድስት ባንድ ከ100 እስከ 3,200 ብቻ ይሄዳል፣ ሳጥኑም ጠበብ ያለ ነው። እኔ ላንተ ብገዛ ይህን ነበር የማነሳው። ባለ አስሩ ወንድሙ 18 ቮልት ይፈልጋል፣ ቦርድህ ላይ ያለው ሁሉ ግን በ9 ቮልት የሚሠራ ነው። የጣት ስፋት ያላቸው ሚኒ ፔዳሎች ቦታ ይቆጥባሉ፤ ባትሪ ግን አይዙም፣ ማንሸራተቻዎቻቸውም ተጣብቀው በጨለማ መድረክ ላይ አንዱን ስትነካ ሌላው አብሮ ይሄዳል።

አሁን ወደ ኖይዝ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ፔዳሉን ብቻ ይወቅሳል። 15 ዴሲቤል ማለት ሲግናሉን ከአምስት እጥፍ በላይ ማሳደግ ነው። የፒክአፑ ኖይዝም አብሮ ያድጋል፤ ይህን የሚያስቀር ፔዳል አልተሠራም። ስለዚህ ከመጨመርህ በፊት መቀነስን ሞክር። 200ን አራት ዴሲቤል ስታወርድ የፈለግከው ጥራት ምንም ሳትጨምር ሊመጣልህ ይችላል። አቀማመጡም ለውጥ ያመጣል። ከዲስቶርሽኑ በፊት ከገባ የራሱ ሽሽታ በዲስቶርሽኑ ይባዛል፤ ሶሎ ላይ ስትረግጠውም ድምፁ ይሻክራል እንጂ ብዙ ከፍ አይልም። ከፍ ማለት ከፈለግህ ከዲስቶርሽኑ በኋላ አድርገው።

ሽሽ ሳይሆን የሚያጉረመርም ድምፅ ከሰማህ ኢኳላይዘሩን ተወው፤ ፓወሩን ፈትሽ። የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ነው፣ ጉርምርምታውም ብዙ ጊዜ በ50 እና በ100 ኸርዝ ይመጣል። የ100ውን ባንድ ዝቅ ብታደርግ ያለሳልሰዋል፣ ምንጩን ግን አይነካም። አንድ አዳፕተር ለአምስት ፔዳል ከማካፈል መውጫዎቹ ለየብቻ የተነጠሉ ፓወር ሰፕላይ ግዛ። ከኢኳላይዘሩ ሊወደድ ይችላል። ቢወደድም ቅድሚያ ስጠው።

ሱቅ ስትሄድ ጊታርህን ይዘህ ሂድ። ሁሉንም ባንድ መሀል ላይ አድርግ፣ አምፑን እንደ መድረክ ከፍ አድርግ፣ ክሩን በመዳፍህ አፍነህ ፔዳሉን እያበራህ እያጠፋህ አድምጥ። ከዚያ የላይኛውን ባንድና ሌቭሉን ገፍተህ ድገመው። ባለሱቁ ፊቱን ቢያጠቁር ግድ አይስጥህ።

አሜሪካ ያለ ዘመድ ይልክልኛል ካልክ ደግሞ ከፔዳሉ ጋር የሚመጣውን አዳፕተር ሶኬት ላይ ከመሰካትህ በፊት ጽሑፉን አንብብ። 120 ቮልት ብቻ ካለ በእኛ 220 ይቃጠላል፤ 100–240 ካለ አትስጋ።